ጥርሴ ያደግኩበትን ሲያወራብኝ

ባለፈው ክረምት መንጋጋዬ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ አድሮ ጠዋት ሰፈራችን አካባቢ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ወንበሩን ወደኋላ አስተኛውና መብራቱን አፌ ላይ ሲያበራ ፈገግ ብሎ «ወንጂ ነው ያደግሽው አይደል?» አለኝ። አፌ ውስጥ መስታወትና ብረት ስላለ መመለስ አልቻልኩም፣ በአይኔ ብቻ አዎ አልኩት። ካርዴ ላይ የተጻፈው አዳማ ነው፣ አዳማ ከገባሁም ከሀያ አመት በላይ ሆኖኛል፣ እሱ ግን የፊት ጥርሴን አንዴ አይቶ የልጅነቴ ቦኖ የት እንደነበረ ነገረኝ። ሲጨርስ በምን አወቅክ አልኩት። «ወይ ወንጂ ነው ወይ መቂ ነው ወይ ዝዋይ ነው፣ አዳማ ቁጭ ብዬ ወንጂ ስል ብዙ ጊዜ አልሳሳትም» አለና እጁን ለመታጠብ ሄደ።

የበለዘ ጥርስ ያለው ሰው የማወራው ይገባዋል። ሳቅ ገና ሲመጣ እጅ ቀድሞ አፍ ላይ ነው። እኔማ በዚህ የተነሳ ጨዋ ተብያለሁ፣ አክስቶቼ «እሷ እኮ ጥርሷን አሳይታ አትስቅም» እያሉ ለሌሎቹ ልጆች ምሳሌ ያደርጉኝ ነበር፣ እኔም አላርማቸውም ነበር፣ ምን ብዬ? የሰርጌ ቀን ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት ሳቂ እንጂ» እያለ ነዝንዞ ነዝንዞ ሲሰለቸው ተወኝ፣ አልበሙ ሙሉ ከንፈሯን የገጠመች ሴትዮ ነው። ከሁሉም የሚያናድደው ደሞ ሰው ጥርስሽን የማትታጠቢ ሲመስለው ነው። እማዬ በየጠዋቱ መፋቂያ አስይዛ ደጅ ላይ ታቆመን ነበር እኮ፣ ድዳችን እስኪደማ እንፍቃለን፣ ቡኒው ነገር ንቅንቅ አይልም። ካምፓስ ስገባ የዶርሜ ልጅ በሶስተኛው ቀን «ሲጋራ ታጨሻለሽ እንዴ?» ብላኛለች።

ሰፈር ውስጥ የነበረው ማብራሪያ ሸንኮራ ስለምታኝኩ ነው የሚል ነበር። ወንጂ ያደገ ልጅ ሸንኮራ ያልላጠበት ጥርስ ስለሌለው ነገሩ ያሳምናል። ብቻ አንድ ነገር አይገጥምም ነበር፣ የጓደኛዬ አባት ጎልማሳ ሆነው ከጎጃም የመጡ ናቸው፣ ሸንኮራውን ከኛ እኩል ነው የሚበሉት፣ ውሃውን ከኛ እኩል ነው የሚጠጡት፣ ጥርሳቸው ግን እንደ ወተት ነጭ ነው። አምስት ልጆቻቸው በሙሉ ቡኒ። እኛም ጎጃሜ ጥርሱ ጠንካራ ነው ብለን ዘጋነው።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቋሚ ጥርስ ከመውጣቱ በፊት ድድ ስር ሆኖ ለአመታት እየተሰራ ነው፣ ከተወለድን ጀምሮ እስከ ስምንት አመታችን ገደማ ማለት ነው፣ በዛ ጊዜ የምንጠጣው ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለው ነገር ከበዛ የጥርሱ ሽፋን በደንብ ሳይጠጥር ይቀራል፣ አይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይኖሩታል፣ ጥርሱ ብቅ ካለ በኋላ ደሞ እነዛ ቀዳዳዎች ቀለም እየሳቡ ይበልዛሉ። ስለዚህ መፋቂያ ምንም ሊያደርገው አይችልም፣ ከውጪ የተለጠፈ አይደለማ። ትልቅ ሆኖ የመጣ ሰው ደሞ ጥርሱ ተሰርቶ አልቋል፣ ውሃው ጥርሱን አያገኘውም (አጥንቱን ነው የሚያገኘው፣ እሱን እመለስበታለሁ)። በአስር አመቱ ወንጂን ለቆ አሜሪካ የገባ ልጅ ግን ሰማንያ አመት ሞልቶት እንኳን የወንጂን ውሃ አፉ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ሐኪሙ ያነበበው ይሄን ነው።

አሁን መሬት ወደተንቀጠቀጠበት ሌሊት ልምጣ፣ ምክንያቱም ጥርሴን ከምር ማሰብ የጀመርኩት ከዛ ሌሊት በኋላ ነው።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017፣ ለገና ሶስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 9:52። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሶስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ብፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ሲነካኩ ነው፣ ከዛ አልጋው፣ አንድ ሰው ከስር ሆኖ በጀርባው የሚያነሳው ነው የሚመስለው፣ ከዛ ባለቤቴ ምንም ሳይናገር ልጃችንን ከነብርድ ልብሷ ጠቅልሎ በሩ ጋ ደርሷል። ደረጃው ላይ ጎረቤቱ በሙሉ ጋቢና ነጠላ ለብሶ ይወርዳል፣ ግማሹ በባዶ እግሩ ነው። ታች ስንደርስ ከአንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ለገና የገዙትን አውራ ዶሮ ታቅፈው ቆመዋል። ወርቃቸውን፣ የቤታቸውን ካርታ፣ ስልካቸውን ሁሉ ጥለው ዶሮውን ይዘው ወርደዋል። ዶሮውም መብራት ሲያይ ነጋ መስሎት መጮህ ጀመረ፣ በዛ ጭንቀት ውስጥ ሁላችንም እንደ እብድ ሳቅን፣ እኔም ሳቅኩ፣ እጄን አፌ ላይ ማድረግ ረስቼ።

እስኪነጋ ውጪ ነው ያደርነው። መንቀጥቀጡ የመጣው ከፈንታሌ አካባቢ ነው ተባለ፣ ከኛ ወደ መቶ ኪሎ ሜትር፣ መተሃራን አለፍ ሲል፣ መጠኑም 5.8። እንግዳ ነገር አልነበረም፣ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን በሚባሉት እሳተ ገሞራዎች መሀል ያለው መሬት ጸጥ ብሎ አያውቅም፣ አንዴ ጋብ ይላል አንዴ ደሞ በቀን ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ዶፈን ጋ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ሲፈነዳ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁላችሁም አይታችሁታል። ከዛ የካቲት 7 አርብ ማታ 5:28 ላይ ደሞ 6 የደረሰ መጣ። በመሀል አፋርም ኦሮሚያም ክልል ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ወጥቷል፣ ትምህርት ቤቶች ተሰነጣጥቀዋል፣ የከሰም ግድብ ይጎዳ ይሆን ወይ የሚለው ስጋት የሁሉም ወሬ ነበር።

እኛ ጋ ደሞ ቴሌግራም ነው የገደለን። «ዛሬ ማታ ከ4 ሰአት እስከ 6 ሰአት ከባድ ይመጣል፣ ለምታውቁት ሁሉ ሼር አድርጉ።» ሼር ያላደረገ የለም። መኪና ያለው መኪናው ውስጥ ያድራል፣ የሌለው ሜዳ ላይ ላስቲክ ወጥሮ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየሚዲያው እየቀረቡ ከስር ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ሲያስረዱ ከረሙ፣ ሰአትና ቀን ቆርጦ የሚናገር ግን ሳይንሱ ጋ የለም፣ የትም አገር የለም፣ ጃፓንም የለም። ሰው ደሞ አላውቅም ከሚል ፕሮፌሰር ይልቅ ከ4 እስከ 6 የሚል የማይታወቅ ቻናል ያምናል። አልፈርድም፣ እኔም አንድ ማታ ልጄን ጫማዋን አስደርጌ አስተኝቻታለሁ።

በነገራችን ላይ 5 እና 6 ሲባል ልዩነቱ አንድ ቁጥር ይመስላል፣ ግን አንድ ቁጥር ከፍ ሲል የሚወጣው ጉልበት ወደ ሰላሳ ሁለት እጥፍ ነው። ይሄን ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።

በዛ ሰሞን ነው የአክስቴ ልጅ ቤት የመጣው። ጂኦሎጂ ነው የተማረው፣ አሁን የጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ነው የሚሰራው፣ ከሪግ ጋር ከአገር አገር ሲዞር አመቱን ሙሉ ስለማናገኘው ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሁሉ ከቦት ጠየቀው። ምንድነው ይሄ ነገር፣ ፈንታሌ ሊፈነዳ ነው ወይ፣ አዳማስ? እሱም የእንጀራ መሶቡን ክዳን አነሳና አንድ እንጀራ አውጥቶ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ መሳብ ጀመረ። አይኑ ያለው መሀሉ ይሳሳል፣ ይሳሳል፣ ከዛ በአንድ ቦታ ጥዝዝ ብሎ ይቀደዳል። «እኛ ያለነው እዚህ ጋ ነው» አለ የሳሳውን እያሳየ። እማዬ እንጀራውን ቀምታ ወደ መሶቡ መለሰችው፣ በእንጀራ አይቀለድም ብላ፣ ግን ሁላችንም ገብቶን ነበር።

የአሰላ ወገን፣ የሐረርጌ ወገን ያለው ደጋ ወደ ምስራቅ ይሄዳል፣ የአዲስ አበባ ወገን ያለው ወደ ምዕራብ፣ በአመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ። ጥፍራችን በሁለት ወር ከሚያድገው ያንሳል። እኔ አርባ አመቴ ነው፣ ስሌቱን ስሰራው እኔ ከተወለድኩ ወዲህ አዲስ አበባና አሰላ ያለችው አክስቴ አንድ ስንዝር ተራርቀዋል። ድሮ ሳይንቲስቶቹ ስምጥ ሸለቆው የሚሰፋው ዳር ዳሩ ላይ ባሉት ትልልቅ ገደሎች ነው ይሉ ነበር፣ አሁን ግን አብዛኛው መለጠጥ መሀል ወለሉ ላይ ባለች ሀያ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትሰፋ ቀጭን መስመር ላይ እንደሆነ ታውቋል፣ ስንጥቅ በስንጥቅ የሆነች፣ እሳተ ገሞራዎቹ የተሰለፉባት። ያቺ መስመር በጂኦሎጂስቶች ዘንድ ስሟ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ። ከዛ በፊት አልሰማሁም። በስድሳዎቹ የፈረንጅ አመታት ፖል ሞር የተባለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ጂኦሎጂስት ነው የሰየማት፣ በኛ በወንጂ። ሸንኮራ ብቻ ነበር የሚመስለኝ የምንታወቀው።

ማግማው ሁልጊዜ ከላይ አይወጣም፣ ብዙ ጊዜ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ በስንጥቁ ውስጥ ይገባና እዛው ከስር ይቀራል፣ ዳይክ ይሉታል፣ ሲገባ መሬቱን ለሁለት ይገፋዋል፣ ያን ጊዜ ነው የሚንቀጠቀጠው። ፈንታሌና ዶፈን መሀል የሆነው ይሄ ነው፣ መሬቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን ከሰማይ ሳተላይት በራዳር ለክቶታል። በ1998 መስከረም ላይ አፋር ዳባሁ የሆነው ደሞ የዚህ ታላቅ ወንድም ነው፣ በሁለት ሳምንት አካባቢ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተቀደደና አንዳንዱ ቦታ ስምንት ሜትር ድረስ ተከፈተ። አምስት ሚሊ በአመት የምትለው ነገር እንዲህ ተጠራቅማ ተጠራቅማ ነው ባንዴ የምትከፈለው፣ እንደ ቤት ኪራይ ውዝፍ።

የአዳማ ሰው ይሄን ሁሉ የሩቅ ወሬ አድርጎ ነው የሚያወራው። አዳማ ራሷ ግን በ1985 ተንቀጥቅጣለች፣ ሰባት አመቴ ነበር፣ የማስታውሰው የቆርቆሮውን ድምፅና እማዬ «እግዚኦ» ስትል ነው። ቦሰት ተራራ በምስራቅ በኩል ቁጭ ብሎ የምናየው እሳተ ገሞራ ነው። ጥር 1995 ላይ ደሞ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ስምጥ ሸለቆውን በርዝመትና በስፋት አቋርጠው ከሺህ በላይ መሳሪያ ዘርግተው፣ ጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ የድምፁን መመለስ ሲያዳምጡ መስመሮቹ የተገናኙት እዚሁ ቦሰት አካባቢ ነው። ሐኪም ደረት ላይ ጆሮውን አድርጎ እንደሚያዳምጠው በሉት። የእኛን ደረት ነበር የሚያዳምጡት፣ እኛ ግን ያኔ የአስረኛ ክፍል ማትሪክ ነበር የሚያስጨንቀን።

የአክስቴ ልጅ ሊሄድ ሲል በር ላይ ቆሞ፣ እሱም የወንጂ ልጅ ስለሆነ ጥርሱ እንደኔው ነው፣ እየሳቀ «ታዲያ ይሄስ» ብሎ በጣቱ የራሱን ጥርስ መታ መታ አደረገው። «ይሄም ከዛው ነው እኮ የመጣው።»

ቁጭ በል አልኩት። ሁለተኛ ቡና ተፈላ።

እንዲህ ነው የነገረኝ። ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ ውሃው ሞቅ ብሎ ከወጣ ባለሙያው ላብራቶሪ ሳይልክ ፊቱ ይጠቁራል። ሙቀት ማለት ውሃው ከጥልቅ፣ ከእሳቱ ሰፈር ደርሶ ተመልሷል ማለት ነው። ስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ያለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፣ ባልጩት፣ ፑሚስ (ብሎኬት የሚሰሩበት ያ ቀላል ነጭ ድንጋይ)፣ የተጋገረ አመድ። እነዚህ ውስጥ ፍሎራይድ አለ፣ ሙቅ ውሃ ለረጅም ዘመን ሲያልፍባቸው ደሞ እያሟሟ ይወስደዋል። ደጋ ቢሆን ችግር የለም፣ ምክንያቱም የደጋው ውሃ ካልሲየም አለው፣ ካልሲየም ፍሎራይድን ሲያገኘው ይይዘውና ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፣ ውሃው ውስጥ አይቆይም። እዚህ ወለሉ ላይ ግን ውሃው በሶዲየም የተሞላ ነው፣ ካልሲየሙ አልቋል፣ ፍሎራይዱን የሚይዝለት ስለሌለ ከውሃው ጋር አብሮ ይዞራል፣ ፓምፕ ያወጣዋል፣ ቦኖ ላይ ይደርሳል፣ እንስራ ይገባል። የአለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይብለጥ ይላል፣ ወንጂ አካባቢ ከ10 የሚያልፉ ጉድጓዶች ተለክተዋል።

ማለት፣ ማግማው ከስር ባይኖር ያ ድንጋይ አይኖርም፣ ውሃውም እንዲህ አይሞቅም፣ እኔም ሰርጌ ላይ ጥርሴን አሳይቼ እስቅ ነበር። ብርጭቆዬን ያንቀጫቀጨው ነገርና ጥርሴን ያበለዘው ነገር ሰፈራቸው አንድ ነው። አንደኛው በሰላሳ ሰከንድ ከሶስተኛ ፎቅ ያወርዳል፣ ሌላኛው ስምንት አመት ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ ድድ ስር ይሰራል። ለመጀመሪያው ዜና አለ፣ የአስቸኳይ ጊዜ ኮሚቴ አለ፣ ድንኳን አለ፣ መኖርም አለበት። ለሁለተኛው ያለው ነገር እጅን አፍ ላይ ማድረግ ነው። ሚሊዮኖች ነን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይሄን ውሃ የጠጣን፣ ግን ማንም ደንግጦ ደረጃ ወርዶ አያውቅም።

አጥንቱን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ጋሼ ነበር የምንላቸው፣ መንገድ ላይ ከኋላቸው ሆነን ሰላም ስንላቸው አንገታቸውን ብቻ አያዞሩም፣ ሙሉ ሰውነታቸውን እንደ በር አዙረው ነው እግዜር ይስጥልኝ የሚሉን። ኩሩ ናቸው ብለን እናስብ ነበር፣ ወታደር የነበሩ ይመስለን ነበር፣ ከኋላቸው እየሄድን እናስመስላቸው ነበር፣ ቀጥ ብለን። ትልቅ ከሆንኩ በኋላ ነው የገባኝ፣ አንገታቸው መዞር አይችልም ነበር። ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ለብዙ አመት የጠጣ ሰው አጥንቱ ላይ ይከማቻል፣ አከርካሪው ይደርቃል፣ መጋጠሚያው ይጠነክራል፣ ሲብስ ነርቩን ተጭኖ እግር እስከማሽመድመድ ይደርሳል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የሚባሉት የነርቭ ሐኪም ናቸው በሰማንያዎቹ የፈረንጅ አመታት ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይሄን በሽታ በወንጂ ሰራተኞች ላይ አጥንተው ያሳተሙት። ጥናቱን ኢንተርኔት ላይ አግኝቼ ሳነብ፣ አንገት ማዞር፣ ጎንበስ ማለት የሚሉ ቃላት ጋ ስደርስ ጋሼን በአይኔ አየኋቸው። እኛ ደሞ ከኋላቸው ቀጥ ብለን እየሄድን።

እማዬም ጉልበቷን ያማታል፣ ወገቧንም። እድሜ ነው ትላለች፣ ሊሆንም ይችላል፣ ሰባ አልፏታል። በየወሩ ግን ቦኩ ትሄዳለች። አዳማን የማታውቁ ካላችሁ ቦኩ ከከተማው ደቡብ ያለ ኮረብታ ነው፣ ከመሬት እንፋሎት ይወጣል፣ ሰው ጎጆ ውስጥ ገብቶ ይታጠነዋል፣ ለቁርጥማት ፍቱን ነው ይባላል። እንፋሎቱን የሚያሞቀው ምን እንደሆነ ገምቱ። አንድ ቀን ይዣት ስሄድ ይሄን ሁሉ ነገርኳት፣ ውሃውን፣ ድንጋዩን፣ እሳቱን። ነጠላዋን እያጣፋች አዳመጠችኝና «ታዲያ ያሳመመኝ እሱ ከሆነ ያድነኝ እንጂ» ብላ ገባች። ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ምን ይደረግ ለሚለው ብዙዎቻችን ተሳስተናል፣ እኔም ጭምር። ማፍላት አይረዳም፣ እንደውም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይብሳል። ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም። ያ ሻማ ያለው ፊልተርም አያወጣውም። ሻይ ቅጠል ደሞ ራሱ ፍሎራይድ አለው፣ በዛ ውሃ ሻይ አፍልቶ ለህፃን ማጠጣት ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ነው። የሚሰራው አጥንት ከሰል ነው፣ የከብት አጥንት አቃጥሎ ውሃውን በሱ ማሳለፍ፣ አጥንቱ ውስጥ ያለው ነገር ፍሎራይዱን ይስበዋል (የኛ አጥንትም የሚስበው በዚሁ መንገድ ነው)። ሌላው በህንድ ናልጎንዳ በምትባል ቦታ ስም የሚጠራው ነው፣ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ጨምሮ ማማሰልና ማጥለል፣ ሁለቱንም ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሞክረዋቸዋል፣ ይሰራሉ፣ ግን አጥንቱ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ ኬሚካሉ በየቀኑ መለካት አለበት፣ ጎረቤት ተስማምቶ ተራ መግባት አለበት፣ እና ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በርሜሉ ድንች ማስቀመጫ ይሆናል። የዝናብ ውሃ ከቆርቆሮ ላይ መያዝ ይሻላል። ለልጅ ደሞ ወተት፣ ካልሲየሙ ሆድ ውስጥ ፍሎራይዱን ይይዘዋል፣ ያ ደጋው ላይ የሚሰራው ስራ ማለት ነው።

አዳማ የዳነችው በአዋሽ ነው። ከጊንጪ ወገን ተነስቶ የሚመጣ የደጋ ዝናብ፣ ከመሬት ስር ብዙ ያልቆየ፣ ቆቃ ላይ ተጣርቶ በቧንቧ ይገባል። ቆቃ በ1960 በፈረንጅ ሲያልቅ ከጣሊያን የጦር ካሳ በመጣ ገንዘብ ነው የተሰራው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ያስቀኛል፣ የልጄ ነጭ ጥርስ ውስጥ የማይጨው ካሳ አለ ማለት ነው። ሰባት አመቷ ነው፣ የፊት ሁለቱ ወጥተዋል፣ ነጭ ናቸው። በየማታው ስታጥብ አብሬ ቆሜ አያለሁ፣ «እማዬ ለምን ትቆሚያለሽ?» ትለኛለች።

አዋሽ ራሱ ግን ሰላም አይደለም። መተሃራ ጋ በሰቃ ሀይቅ አለ፣ ወደ ድሬዳዋ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፣ ጥቁሩ ድንጋይ ጥግ፣ ያ በ1820 አካባቢ በፈረንጅ ከፈንታሌ የፈሰሰው እሳት። በስድሳዎቹ የፈረንጅ አመታት ሶስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሀይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ የባቡር ሀዲዱንም የመኪና መንገዱንም ውጧል፣ እነ አብያታ ሀይቅ እየደረቁ እሱ ያድጋል። ከስር የሚመጣው የከርሰ ምድር ውሃና የመስኖው ትርፍ ነው ይላሉ። ጨዋማ ነው፣ ፍሎራይዱም ከፍ ያለ ነው፣ እንዳይሞላ ብለው ጥቂት ጥቂት ወደ አዋሽ ይለቁታል፣ ከታች ያለው ሰው ደሞ የሚጠጣው ያንን ነው። አዳማ ከላይ ስለሆነች እኛ ተርፈናል። እነሱ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ጥርሳቸውን ማየት ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት ፈረቃችን ሳይመጣ አምስት ቀን ሆነው። ግቢው ውስጥ ያለው ሮቶ ነጥፏል፣ ሰዉ ተዋጥቶ ቦቴ አስመጣ። ጀሪካኔን ይዤ ተሰለፍኩ፣ ተራዬ ሲደርስ ጎማውን ለያዘው ልጅ ውሃው ከየት የተቀዳ ነው አልኩት።

«ከጉድጓድ ነዋ እህቴ።»

«የት ያለ ጉድጓድ?»

«አረ እህቴ ውሃ ውሃ ነው፣ ቅጂ፣ ሰው ይጠብቃል» አለና ሳቀብኝ፣ አፉን ሞልቶ፣ እጁን ሳያደርግበት። ከላይ እስከ ታች ቡኒ፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ ላይ ደሞ ያ የማውቀው አግድም መስመር።

«መቂ ነህ ወይስ ዝዋይ?» አልኩት።

ጎማውን ጀሪካኔ አፍ ላይ እንደያዘ ዞሮ አየኝ። ሳቁ ቆመ። «መቂ። እንዴ፣ የማን ልጅ ነሽ አንቺ? እናቴን ታውቂያታለሽ?»

ውሃው ሞልቶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ሞቅ ያለ ነበር። ለልብስ ማጠቢያ አደረግኩት።